የሸሚዝ ካርቶን አውሬዎች

ጠሃ የሌሊት ወፏን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከሸሚዙ ኪስ እስክሪብቶ አወጣ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ለይኩን ነጥብ ሊመዘግብ መስሎት ጠበቀው። ጠሃ ቀጥሎ ምንም ያልተጻፈበት ቁራጭ ካርቶን መዘዘ፤ በመዳፉ ጠረገው፤ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋና አጎንብሶ መሳል ጀመረ። መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ ወደ ላይ የታጠፈ ክራንቻ። ሲስል የምላሱ ጫፍ በከንፈሩ ጥግ ብቅ ይላል። ሃያ አራት ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ ሲያደርግ ማየት ያስቃል፤ እሱ ግን እንዲህ እንደሚያደርግ አያውቅም።

"ፍሬንድ፣ ምን እየሠራህ ነው?" አለ ለይኩን።

"አንድ ደቂቃ ብቻ። ጅራቱ ነው የቀረኝ።"

"የምን ጅራት?"

"የከርከሮው።"

ለይኩን ግራ ቀኙን ተመለከተ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ጅማ የመጣው ምህንድስና ሊማር ነው፤ ካርዶቹን አንድ በአንድ ፕላስቲክ አልብሶ ነው ለውድድር የቀረበው። "ሙድ እየያዝክብኝ ነው?" አለ።

"ኧረ ወላሂ። ካርዱ እኮ ነው ያዘዘኝ።" ጠሃ የሌሊት ወፏን ወደ እሱ ገፋ አደረጋትና ከሥሯ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በጣቱ እየተከተለ አነበበለት። "‘ድሮው ዋን ካርድ’ ይላል። ይኸው፣ አንድ ካርድ እየሳልኩ ነው።"

ለይኩን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ ሳቀ። ሳቁ ደግሞ አፍ ውስጥ የሚቀር ዓይነት አይደለም፤ በየጠረጴዛው የነበሩት ሁሉ ካርዳቸውን ይዘው ዞሩ። "ትህትና፣ ነይ እስቲ" ብሎ ተጣራ፤ "ይሄን ሳትሰሚ እንዳትሞቺ።"

የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለውም። የተሰበሰቡት ልጆች ሁሉ ‘ቫልዶር’ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ የሚጫወቱ ናቸው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ክምር ይዞ ይመጣል፤ ካርዶቹ ላይ አውሬዎች አሉ፤ አውሬ ከአውሬ ይዋጋል፤ አውሬ ያለቀበት ይሸነፋል። ከጠሃ በስተቀር ሁሉም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ውድድሩን ያዘጋጀችውም የምትዳኘውም ትህትና ናት፤ ፋርማሲ ነው የምትማረው።

ትህትና መጥታ የሌሊት ወፏንም ያልተጨረሰውን ከርከሮም አየች። እሷ አልሳቀችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ድሮው ማለት እዚህ ጋ መሳል አይደለም" አለችው። "መሳብ ነው። ከክምሩ ላይ አንድ ካርድ ትስባለህ፤ እጅህ ላይ ትጨምራለህ። በቃ።"

"መሳብ?" አለ ጠሃ።

"መሳብ።"

በአማርኛ ልዩነቷ አንዲት ፊደል ናት። ጠሃ ግን በዚያች ፊደል ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖሯል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ መሬቱ ግን ሲሚንቶ ነው።

ነገሩ የጀመረው በመርካቶ ነው፤ በአዲስ አበባው ሳይሆን በጅማው። እናቱ ዙቤይዳ ሰልባጅ ትሸጣለች። ቦንዳ በተፈታ ቁጥር የልብሶቹን ኪስ መፈተሽ የጠሃ ሥራ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የአውቶቡስ ትኬት፣ የማስቲካ ወረቀት፣ አንዳንዴም የአንድ እጅ ጓንት ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለ ግን ከአንድ ቀይ የልጅ ጃኬት ኪስ በላስቲክ የታሰሩ ካርዶች ወጡ። ጀርባቸው ላይ ራሱን የከበበ ዘንዶ አለ፤ ፊታቸው ላይ ደግሞ ክንፍና ቀንድና ጥፍር ያላቸው አውሬዎች፣ ከየአውሬው ሥር እንግሊዝኛ።

እንግሊዝኛውን ይዞ የሮጠው ወደ ጎረቤቱ ልጅ ወደ አብነት ነበር። የአብነት አባት የመንግሥት ሂሳብ ሠራተኛ ስለነበሩ ቤታቸው መዝገበ ቃላት አለ። ሁለቱ ልጆች የሱቁ በረንዳ ላይ፣ በልብስ ክምር መሀል ተቀምጠው፣ እያንዳንዱን ቃል እየፈለጉ ሕጉን አወጡት። ድሮው የሚለውን ሲያገኙ መጀመሪያ የተጻፈው ‘ሣለ’ የሚል ነበር። ከሥሩ ሌላም ሌላም ትርጉም ተደርድሯል፤ ማን ያነበዋል? የሚሳልበት የካርድ ጨዋታ እንዳገኙ ሲያውቁ አብነት ቆሞ ጨፈረ።

ስለዚህ ሲጫወቱ፣ ድሮው የሚል ካርድ የወጣለት ልጅ ጨዋታውን አቁሞ አዲስ አውሬ ይስላል። ካርዱ የሚሠራው ከአዲስ ሸሚዝ ውስጥ ከሚወጣው፣ አንገትጌውንና ደረቱን ቀጥ ከሚያደርገው ነጭ ካርቶን ነው። ሸሚዝ ነጋዴዎቹ ሁሉ ለጠሃ ያስቀምጡለት ጀመር። አንዱ ሲስል ሌላው ይጠብቃል፤ ሸንኮራ ይመጥጣል፤ መንገዱን ያያል፤ ስለማንም ያወራል። የጨዋታው ግማሽ መጠበቅ ነው። እንዲህ እየሆነ ክምሩ አደገ፤ የጊቤ ጉማሬ፣ ሰባት እጅ ያለው የቡና ጆንያ ተሸካሚ፣ ጉሬዛ፣ ፍሬን የሌለው ባጃጅ። ከጃኬቱ የወጡት ፈረንጅ አውሬዎች በሀገሬው መሀል እንግዳ ሆኑ።

ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ የአብነት አባት ወደ ወሎ ተዛወሩ። ቤተሰቡ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሄደ። አብነት ካርዶቹን አልወሰደም፤ "አንተ ጋ ይቀመጡ፣ ስመጣ እንጫወታለን" አለ። አልመጣም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለአረፋ፣ ይደውላል። ስለ ጤናና ስለ እናት ይጠያየቃሉ፤ ስለ ካርድ ተነጋግረው አያውቁም።

ጠሃ ከዚያ በኋላ ብቻውን ተጫወተ። ቀኝ እጁ የራሱ፣ ግራ እጁ የአብነት ነበር። የግራውን ካርድ ሲያነሳ አይቶ እንዳላየ ለመሆን ይሞክራል። ግራው ድሮው ሲያወጣ አብነት እንደሚስለው፣ ጭንቅላቱ ትልቅ እግሩ አጭር አድርጎ ይስላል። አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ሱቁን ሲይዝም አልተወውም። ሰው አጥቶ አይደለም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሲያነሳ ሲጥል፣ ሲለካ ሲከራከር ነው የሚውለው፤ ገበያው ሁሉ በስሙ ይጠራዋል። ግን አንድም ሰው አብሮት ቁጭ አይልም። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እየዋለ ብቸኛ ነኝ ማለት ግን ያሳፍራል፤ ስለዚህ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ያን ዘንዶ አየው። ራሱን የከበበው ዘንዶ፣ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ከሥሩ "የቫልዶር ውድድር። ማንም መሳተፍ ይችላል። በእጅ የተሠራ ካርድም ይፈቀዳል" ይላል። ያ ዘንዶ በዓለም ላይ እሱ ጋ ብቻ ያለ ይመስለው ነበር። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። ሊያሸንፍ አላሰበም። ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጠረጴዛው ማዶ ሰው ይቀመጣል።

ዛሬ ጠዋት ሸሚዝ ተኩሶ ሲለብስ እናቱ ከበሩ ላይ ያዘችው።

"ኤሳ ዴምታ? ወዴት ነው እንዲህ አምሮብህ?"

"ጨዋታ አለኝ፣ እማ።"

"ኳስ?"

"ካርድ።"

ዙቤይዳ ሻሿን ማሰር አቆመች። "ቁማር?"

"አይደለም። ወላሂ፣ እንዲሁ ነው የምንጫወተው።"

"ሜ እስቲ፣ እንዲሁ የሚጫወት ትልቅ ሰው የት ነው ያየኸው?" አለችና ፊቱን ስታየው ተወችው። "ሂድ እሺ። ከጥሩ ልጆች ጋር ከሆነ ሂድ።"

እነዚያ ጥሩ ልጆች አሁን ዙሪያውን ከበውት ቆመዋል።

"ቆይ፣ እነዚህ ሁሉ አንተ የሳልካቸው ናቸው?" አለች ትህትና፤ ክምሩን በጠርዙ እየገለጠች። በእጅ የተሠራ ይፈቀዳል ሲሉ እውነተኞቹን ካርዶች አስመስሎ መገልበጥን ነበር፤ ጉማሬና ባጃጅ ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም።

"እኔና ጓደኛዬ" አለ ጠሃ።

ለይኩን አንዱን አነሳ። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ኮፍያ አድርጎ፣ ደብተር ይዞ?"

"ጠርናፊ ነው።"

"የምን ጠርናፊ?"

"የአንድ ለአምስት።" የጠሃ ድምፅ ሰለለ። ይሄኛውን ብቻውን ነው የሳለው። "አምስት አውሬ ይሰበስባል። ግን ስብሰባ ስለሚውሉ አንዳቸውም አይዋጉም።"

አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ አንዱ ሳቁን ሳይጨርስ ወደ በሩ ዞር ብሎ ማንም እንዳልሰማ አጣራ። ይህኛው ሳቅ ከፊተኛው የተለየ መሆኑን ጠሃ ለየው።

ትህትና ካርዶቹ ላይ የተጻፈውን ጉልበት አነበበች። "ከልክ ያለፈ የለባቸውም። እንዲያውም ደካሞች ናቸው። ይጫወትባቸው፤ ግን ከእንግዲህ መሳል የለም፣ መሳብ ነው። እሺ?"

"እሺ" አለ ጠሃ። እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ።

ጨዋታው ቀጠለ። ድሮው ሲወጣለት ከክምሩ ላይ አንዱን ያነሳል፤ አለቀ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ እንኳ አይፈጅም። ለይኩን ካርድ ወርውሮ ቶሎ ቶሎ "ያንተ ነው" ይለዋል። ጨዋታው እንዲህ ፈጣን መሆኑን ጠሃ አላወቀም ነበር። ሸንኮራ የሚመጠጥበት፣ መንገድ የሚታይበት ቦታ የለውም። ጉማሬው ሞተ፤ ጆንያ ተሸካሚው የለይኩንን ዘንዶ ይዞ ቆየ። ከርከሮውን ሲስል የጠፋው ጊዜ ግን ተቆጥሮ ነበርና፣ ማንም ሳያሸንፍ የትህትና ስልክ ጮኸ።

"ጊዜ አልቋል። ድሮው ናችሁ" አለች ወደ እነሱ ጠረጴዛ።

ጠሃ ቀና አለ። ይሄኛውን ከኳስ ያውቀዋል፤ አቻ ማለት ነው። "አሁን ደግሞ ይሄን ልሳለው ወይስ ልሳበው?" አላት።

በዚህ ጊዜ አብረውት ሳቁ። ለይኩን "አቦ ይመችህ" ብሎ ትከሻውን መታው። ጠሃ ምናልባት ሆኖልኛል ብሎ አሰበ።

በእረፍቱ ሰዓት ተማሪዎቹ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በስልካቸው ፎቶ አነሱ። ባጃጁን ፌስቡክ ላይ እለቀዋለሁ ያለች አለች። ጠርናፊውን ሁሉም ማንሳት ፈለገ፤ አንዱ ግን "ይሄን አትልቀቁ፣ ጣጣ አለው" አላቸው። ከመሀላቸው ማንም ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚጫወት አልጠየቀውም። ከዚያ ማኪያቶ እንጠጣ ተባባሉና ወጡ። አልገፉትም፤ ና ለማለት ግን ለማናቸውም ትዝ አላላቸውም። ሁሉም አንድ ዶርም፣ አንድ ካፌ፣ አንድ የሰፈር ቀልድ አላቸው። ጠሃ አውሬዎቹን ሰብስቦ በላስቲክ አሰራቸው። ፎቶ የሚፈለገው የእነሱ ነው፣ የእሱ አይደለም፤ ይህ አሳዘነው፤ ቅናት የሚመስል ነገርም ነበረበት።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን አወጣ። ለአብነት ደውሎለት አያውቅም፤ የሚደውለው ሁልጊዜ አብነት ነው። ኔትወርኩ ሁለቴ ከቆረጠበት በኋላ ጠራ። አብነት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ ከኋላው ማሽን ያጓራል።

"ሄሎ፣ ጠሃ? ሰላም ነው? እናታችን ደህና ናት?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት። አብነት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው።"

"ጠይቅ። ሥራ ላይ ነኝ ግን።"

"ድሮው ማለት መሳል አይደለም አሉኝ። መሳብ ነው አሉ።"

አብነት "የካርዱን ነው የምትለው?" አለ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣ "አንተ፣ እስካሁን አላወቅክም?"

ጠሃ ከተቀመጠበት ተነሳ። "አንተ ታውቅ ነበር?"

"ስምንተኛ ክፍል እያለን ነው ያወቅኩት። ሐሙስ ነበር፣ አንተ ገበያ ውለህ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሩ ‘ድሮው ወተር’ ማለት ውሃን ከጉድጓድ ስቦ ማውጣት ነው ሲል፣ በቃ፣ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ከክፍል አባረረኝ።"

ሐሙስ የጅማ ትልቁ ገበያ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ጠሃ ትምህርት ቤት ሄዶ አያውቅም፤ እናቱን ያግዛል። ያን ቀን አብነት ከተባረረ በኋላ ወደ ሱቁ መምጣቱም ትዝ አለው። መጥቶ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ሲስል አይቶታል፤ ምንም አላለም።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ መሳል ትተዋለህ እኮ" አለ አብነት። "እውነቱን ልንገርህ፣ ጨዋታው እኔ ብዙም አይዘኝም ነበር። አንተ ስትስል ቁጭ ብሎ ማየት ነበር ደስ የሚለኝ። ቤታችን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ጭቅጭቅ ነው። አንተ ጋ ሰላም ነበር።" ትንሽ ሳቀ። "ዓመት ሙሉ ዝም አልኩህ። በኋላ ደግሞ ሄድን፣ ረሳሁት።"

ጠሃ መቆጣት ፈለገ፣ አልመጣለትም። ማመስገንም ፈለገ፣ እሱም አልመጣለትም።

"አሁንም ትጫወታለህ እንዴ?" አለ አብነት በመገረም።

"አዎ።"

"ከማን ጋር?"

ከአንተ ጋር ማለት ነበረበት። እውነቱ እሱ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በግራ እጅ፣ ከአንተ ጋር። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ነገር ማሽን ለሚጮህበት ሰው በስልክ እንዴት ይነግሩታል?

"ከሰው ጋር" አለ ጠሃ።

"ጎሽ። ሰው ካለህ ጥሩ ነው። ኧረ እየጠሩኝ ነው፣ እደውልልሃለሁ።"

እንደማይደውል ጠሃ ያውቃል። ክፋት የለበትም፤ የሚደውለው ለአረፋ ነው፣ አረፋ ደግሞ ገና ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮው ላይ ይዞት ቆየ። ለአብነት ዋሽቶት አያውቅም ነበር። ስለ አንዲት ቃል ዝም ያለውን ሰው በአንዲት ቃል ዋሸው፤ ተካካሱ ማለት ይሆናል፤ ግን ምንም አልቀለለውም።

ልጆቹ ከካፌ ሲመለሱ አብሯቸው ገባ። አንዱ ተጫዋች ፈተና አለብኝ ብሎ ሄዷል። ትህትና የሁለተኛውን ዙር ድልድል ከስልኳ ማንበብ ጀመረች። በየስሙ ወንበር ይጎተታል፣ ሰው ይቀመጣል።

"ለይኩን ከደሬሳ ጋር" አለች በመጨረሻ። "ጠሃ፣ አንተ ባይ ነህ።"

ለዚህ ቃል ማንም መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ባጃጅ ላይ የተቀመጠ ሕፃን እንኳ እጁን እያወዛወዘ ባይ ይላል። ጠሃ ዙሪያውን አየ፤ ሁሉም ተጋጣሚው ፊት ተቀምጧል፤ የሚያየው የለም። ነገሩ ገባው። በተሳሳተ ሕግ የመጣን ሰው እስከ እረፍት ታገሡት፤ አሁን አሰናበቱት። ቢያንስ በጨዋ ደንብ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

"እሺ። ባይ" አላቸው፤ ካርዶቹን ብብቱ ሥር አድርጎ።

ከበሩ አጠገብ አንዱ ልጅ ዓይኑን ከካርዱ ሳያነሳ "ቻው ቻው" አለው።

ደረጃውን ወርዶ ግቢውን አቋረጠ። እናቱ ምነው ቶሎ መጣህ ስትለው ምን እንደሚል እያሰበ ነበር፤ አልቋል ይላታል፤ እውነትም አልቋል። ከዛሬ ጀምሮ ክምሩን ከአሮጌ ቦንዳ ሥር ሊያስገባው ወሰነ። በሩ ላይ ባጃጅ እየጠበቀ ሳለ ከኋላው የሚሮጥ እግር ሰማ። ትህትና ናት፤ ታለከልካለች።

"ወዴት ነው የምትሄደው?"

"ባይ አልሽኝ እኮ።"

ትህትና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሊያስቃት የመጣውን ነገር ፊቱን ስታይ ዋጠችው። "ይቅርታ። የኔ ጥፋት ነው። ባይ ማለት ሂድ ማለት አይደለም። ቁጥራችን ጎዶሎ ሲሆን አንድ ሰው ተጋጣሚ ያጣል። ያ ሰው ሳይጫወት እንዳሸነፈ ይቆጠርለታል። እጣው አንተ ላይ ነው የወጣው። ዕድለኛ ነህ፤ በዚህ ነጥብ ከሰዓት ከሚጫወቱት አራት ሰዎች አንዱ መሆንህ አይቀርም። ከአራቱ ሁለቱ ለአገር አቀፉ ውድድር አዲስ አበባ ይሄዳሉ።"

"አሁን ታዲያ ከማን ጋር ነው የምጫወተው?"

"ከማንም ጋር። ቁጭ ብለህ ታርፋለህ።"

"ብቻዬን ሆኜ አሸነፍኩ ማለት ነው?"

"አዎ።"

ጠሃ ባጃጁ መጥቶ ሲቆም በእጁ ሂድ አለው። ዘጠኝ ዓመት ከማንም ጋር ሲጫወት ኖሮ፣ ይኸው በመጨረሻ ነጥብ ተሰጠው። መሳቅ ዳዳው፤ ከሳቀ ግን ሌላ ነገር እንዳይከተል ፈራ። ከትህትና ጋር ተመልሶ ደረጃውን ወጣ።

ለይኩን ከደሬሳ ጋር ሊጀምር ካርዱን እየበወዘ ነበር። "አንተ ባለ ባይ" አለው ሲያየው፤ "እኔ ብሆን ለዚህች ስለት እሳል ነበር። እኔን ተመልከት፣ ደሬሳን ነው ያሸከሙኝ።"

ደሬሳ ጅማ አጠገብ ያለችው የደዶ ልጅ ነው፤ የግብርና ተማሪ፤ ማኪያቶ ሊጠጡ ሲሄዱም ከአዳራሹ ጥግ አልተነሳም ነበር። እንደ ሌሎቹ ወሬኛ አይደለም። የመጀመሪያውን ዙር ሌሎቹ ካርድ ዘርግተው ሳይጨርሱ ነው ያሸነፈው።

"ይሄን ባይ ለለይኩን መስጠት ይቻላል?" አለ ጠሃ።

ትህትና ግንባሯን ቋጠረች። "ለምን?"

"ይቻላል ወይ?"

"ሁለታችሁም አቻ ነው የወጣችሁት፤ ነጥባችሁ እኩል ነው። ከተስማማችሁ... መቼም እኔ ነኝ ዳኛዋ። ይቻላል።" ወደ እሱ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ግን ልንገርህ፣ ደሬሳን ከመሀላችን ያሸነፈው ሰው የለም። ከእሱ ጋር ከተቀመጥክ ከሰዓት የለህም።"

"አውቄያለሁ።"

"ታዲያ?"

"ልጫወት ነው የመጣሁት" አለ ጠሃ።

ለይኩን፣ ጠሃ ሐሳቡን እንዳይቀይር ብሎ፣ ካርዶቹን አፍሶ ብድግ አለ። ጠሃ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ ተቀመጠ፤ አውሬዎቹን በወዘ፤ አዲሶቹን ከአሮጌዎቹ፣ የእሱን ከአብነት፣ ሳይለይ። ደሬሳ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ጠበቀው። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። ዓይኑ ከጠሃ ክምር ላይ አልተነሳም።

"ይሄ ቀይ አፈር የሚመስለው ምንድን ነው?" አለ ደሬሳ በመጨረሻ፤ አንዱን ካርድ እያሳየ። ከጠዋት ጀምሮ ሲናገር ጠሃ የሰማው ይህን ብቻ ነው።

"የደዶ መንገድ ነው፤ በክረምት። የረገጠውን አውሬ ሁሉ ይውጣል።"

"ጋሪዳ" አለ ደሬሳ። ጥሩ ነው ማለቱ ነው፤ ከንፈሩ ግን ሊስቅ ዳር ዳር ብሏል።

"ፈጣን ነህ ሲሉ ሰማሁ" አለው ጠሃ።

"ነኝ።"

ትህትና ስልኳን አንስታ ጀምሩ አለች። ደሬሳ የመጀመሪያውን ካርድ ሊወረውር እጁን ሲያነሳ ጠሃ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ሜ፣ ማሸነፍህ ካልቀረ፣ ቀስ ብለህ አሸንፈኝ" አለው።